የተቆለፈው ክፍል ጎበዝ

መምህር ነጋሽ ግምት አይወዱም ነበር። «ጣሂራ፣ እርግጠኛ ሳትሆኚ አትጻፊ። ባዶ ቤት አያሳፍርም፤ በግምት የሞላሽው ቤት ግን ሌላውን ሁሉ ያበላሽብሻል» ይሉኛል። እኔ እሺ እላለሁ፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ ግን እገምታለሁ።

ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑም 1981። የምንኖረው ዛሬ ጭሮ በምንላት በአሰበ ተፈሪ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር። አባቴ ዓሊዩ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እኔ አራት ዓመት ሳይሞላኝ መኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። እናቴ ኩብራ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ድንች እየቸረቸረች ታላቅ ወንድሜን ታጁዲንንና እኔን ታሳድጋለች። ጓሮ ያለችውን ክፍል ደግሞ ለመምህር ነጋሽ አከራይታለች።

መምህር ነጋሽ ከሸዋ ተመድበው የመጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚከልሉ ሰው ነበሩ። በመጡ በዓመቱ ታይፎይድ ጥሏቸው እናቴ ሃያ ቀን ሙሉ አጥሚት እያጠጣች፣ ልብሳቸውን እያጠበች አስታማቸዋለች። ከዚያ ወዲህ እሷ «መምህር፣ ብላ እንጂ! ሥጋ የለህም!» እያለች ትቆጣቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ «እትዬ ኩብራ» ይሏታል። በፋሲካና በገና የክርስቲያን ሥጋ ስለማንበላ ብርቱካን ገዝተው ይመጡልናል።

ሙሉ የሚባል ለትምህርት ባሕር ማዶ የሄደ ጓደኛ ነበራቸው። ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍላቸው ከመጽሔት የተቀደዱ ገጾች አጥፎ ይልክላቸዋል። ገጹ ላይ አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን አለ፤ ውስጡ ሰማንያ አንድ ትንንሽ ቤቶች። ጥቂቶቹ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ የቀሩት ባዶ ናቸው። ዛሬ ልጆቼ ስልካቸው ላይ ሱዶኩ እያሉ ይጫወቱታል። ያኔ በከተማችን ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ መምህር ነጋሽ «ዘጠኝ በዘጠኝ» ነበር የሚሉት።

በወፍራም መስመር የታጠሩትን ዘጠኝ ክፍሎች «ሰፈር» ይሏቸዋል። በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየሰፈሩ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉ ቁጥሮች ሁሉ መግባት አለባቸው፤ የሚደገም የለም። ሕጉ ይኸው ነው። ችግሩ ሕጉ ላይ አይደለም። ቀላሉን በአንድ ሻይ ጊዜ ይጨርሱታል፤ ከባዱ ግን ሳምንት ይይዛቸዋል።

«መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የተጻፈውን ቁጥር ያዢ» ይሉኛል፤ አብረን በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ወረቀቱን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን። «አምስት ቁጥር ስድስት ቦታ ላይ አለ እንበል። የቀሩት ሦስቱ የት የት መግባት እንደማይችሉ እያየሽ ሰርዢ። የሚገባበትን አትፈልጊ፤ የማይገባበትን ፈልጊ።» ያ ሲያልቅ በየባዶው ቤት ጥግ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በጥቃቅኑ እንጽፋለን። ከዚያ መንትዮቹ ይመጣሉ። በአንድ ረድፍ ሁለት ቤቶች ሦስትና ስምንትን ብቻ የሚቀበሉ ከሆነ፣ ሦስቷ ከሁለቱ በየትኛው እንዳለች ገና ባናውቅም፣ በረድፉ ያለ ሌላ ቤት ግን ሦስትም ስምንትም አያገኝም። ይህ የገባኝ ቀን ከደስታዬ ብዛት እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጬ ተመለስኩ።

ታጁዲን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ወድቆ ትምህርቱን ትቶ ሂርና ጫት የሚጭኑ መኪኖች ላይ ይሠራ ነበር። በቤታችን «ታጁ ሂሳብ አይገባውም» ማለት «ታጁ ረጅም ነው» እንደማለት ነበር፤ እሱም ሲባል ይስቃል። መስከረም ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ድሬዳዋ አክስትሽ ሙሚና ጋ ሄደ፤ ሥራ አገኘ» አለችኝ እናቴ። ሽንኩርት እየላጠች ስለነበር እንባዋ የሽንኩርቱ መሰለኝ። ሳይሰናበተኝ በመሄዱ በጣም ተቀየምኩት።

ያ ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚታፈስበት ነበር። ከመናኸሪያው፣ ከገበያው፣ ከኳስ ሜዳው ያገኙትን ጎረምሳ ጭነው ወደ ሰሜን ይወስዱታል፤ ከሄደው ብዙው አይመለስም። ይህን ዛሬ ነው እንዲህ በሁለት መስመር የምናገረው። ያኔ የምሰማው የትልልቅ ሰዎችን ንግግር ግማሹን ነው። ጎረቤታችን ሮማነወርቅ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ልጁ ደህና ነው?» ትላታለች እናቴን።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ሙቀቱን ቻለው?»

«ቀን ቀን ይጨንቀዋል። ምን ያድርግ።»

ድሬዳዋ ሞቃት አገር ነው። ነገሩ ሁሉ ልክ ነበር።

ከጥቅምት ጀምሮ መምህር ነጋሽ ወደ ክፍላቸው መግባት ከለከሉኝ። «ትልቅ ልጅ ሆነሻል፤ በረንዳው ላይ ሥሪ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወረቀቱን በመስኮት ያቀብሉኛል። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ እሠራለሁ፤ ሲያቅተኝ እመልስላቸዋለሁ፤ በማግስቱ ያንኑ ወረቀት እንደገና እቀበላለሁ።

ኅዳር ላይ ወረቀቱ ላይ የኔ ያልሆኑ ቁጥሮች አገኘሁ። ጥቃቅን፣ ወደ ግራ ያዘነበሉ፣ ሰባቷ ወገቧ ላይ መስመር ያላት። የመምህር ነጋሽ ሰባት መስመር የላትም። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ባዶ ቤት ውስጥ በእርሳስ ጫፍ የተደረገች ነጥብ አለች። ነጥብ ያለባትን ቤት ትኩር ብዬ ሳይ ብዙ ጊዜ መልሱ ይገኛል። ያበሳጨኝም ይኸው ነው። አንድ ሰው «ይሄ እንኳ አይታይሽም?» እያለ የሚቀልድብኝ መሰለኝ።

«መምህር፣ ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ሥራ ስፈታ።»

«የእርስዎ ሰባት እንዲህ አይደለም።»

አፋቸውን ከልለው ሳቁ። «እያረጀሁ ነው፤ እጄ ተበላሸ» አሉ። ሠላሳ ዓመታቸው ነበር።

ጥር ላይ ከሙሉ አንድ ገጽ መጣ። ጠርዙ ላይ «ይህን የፈታ ሰው ይጻፍልኝ፤ እኔ አንድ ወር ታግዬ ትቼዋለሁ» ብሎ ጽፎበታል። ሃያ ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር የተሰጠው። መንትዮቹን ፈለግሁ፤ የሚሰረዘውን ሰረዝኩ፤ ጥጋጥጉ በጥቃቅን ቁጥር ተሞልቶ ወረቀቱ የጉንዳን መንገድ መሰለ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቤት እንኳ አልሞላ አለኝ። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ስቀበል አራት ቤቶች ተከበዋል፤ አራቱም በቀጭን መስመር ተያይዘው አንድ ጋድም አራት ማዕዘን ሠርተዋል። ሁሉም ውስጥ በጥቃቅኑ የተጻፈች አራት ቁጥር አለች። ከዚያ በኋላ ሌሎች ስድስት ቤቶች ተሞልተዋል።

መምህር ነጋሽ ከአጠገቤ ተቀምጠው ያስረዱኝ ጀመር። «እዪ፤ በላይኛው ረድፍ አራት መግባት የምትችለው ሁለት ቤት ላይ ብቻ ነው። በታችኛውም ረድፍ እንዲሁ ሁለት ቤት፤ ያውም በእነዚያው ሁለት ዓምዶች። ስለዚህ በግራ ዓምድ ከላይ ከሆነች በቀኙ ከታች ናት፤ በግራ ከታች ከሆነች በቀኙ ከላይ። በየትኛውም መንገድ ሁለቱ ዓምዶች አራታቸውን አግኝተዋል። ስለዚህ በሁለቱ ዓምዶች ውስጥ ያሉትን ሌሎቹን አራቶች በሙሉ መሰረዝ ትችያለሽ! ገባሽ? ይህን እኔ አላስተማርኩም። አላውቀውምም ነበር። ራሱ ነው ያገኘው!»

«ማን?»

አፋቸውን በእጃቸው ከለሉ። «እ… ሙሉ» አሉ። «ሙሉ በደብዳቤ ጽፎልኝ ነው።»

ሙሉ ታግዬ ትቼዋለሁ ብሎ የጻፈው እዚያው ጠርዙ ላይ ነበር።  ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ መምህር ነጋሽ ሌላ ተማሪ እንዳላቸው፣ ወንድ እንደሆነ፣ ከኔም እንደሚበልጥ አወቅሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አረጋገጥኩ። አንድ ምሽት ወረቀቱን ሳልመልስ ይዤው አደርኩ። ጠዋት ስነሣ መምህር ነጋሽ ሄደዋል፤ በራቸው ከውጭ ተቆልፏል። ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾልኬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጠዋቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ አይቻቸዋለሁ። የኔ ፈረቃ የጠዋት ስለነበር ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ገባሁና በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው እስኪመጡ ንቅንቅ አላልኩም። ዐሥር ሰዓት ላይ መጡ፤ ቁልፉን ከፈቱ፤ ገብተው ወዲያው ወረቀቱን በመስኮት ሰጡኝ። ተሞልቶ ነበር።

እንግዲህ ያስተማሩኝን ሁሉ ሥራ ላይ አዋልኩት። የማይሆነውን እየሰረዝኩ መጣሁ። መምህሩ አልነበሩም፤ ተሰረዙ። እናቴ በትርፍ ቁልፏ ከፍታ ለመጥረግ ስትገባ አያታለሁ፤ ግን ማንበብ አትችልም፤ ተሰረዘች። ታጁዲን ድሬዳዋ ነው፤ ቢኖርስ፣ ታጁ ሂሳብ አይገባውም። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የማላውቀው ተማሪ፤ በኋላ መስኮት እየገባ የሚያጠና፣ እናቴም የምታውቀውና የምትደብቀኝ። መነጽር ያለው ቀይ ልጅ አድርጌ ሣልኩት። ምሳ ጊዜ እናቴ ወደ ክፍሉ ይዛ የምትገባውን ትልቅ ሳህን ሳይ እሱ ሲበላ ይታየኝና ያንገበግበኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዝም ባልኩ ነበር፤ የጥያቄና መልስ ውድድሩ ባይመጣ። የካቲት ላይ ከሂርና፣ ከበዴሳና ከገለምሶ ትምህርት ቤቶች ጋር ውድድር እንዳለ ተነገረን። ለሂሳብ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ይቀርባል፤ የሚመርጡት መምህር ነጋሽ ናቸው። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ አልጠሩኝም። ለሱ ሊሰጡት ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ዳይሬክተሩ ጋሽ ብሩ ተማሪ ሁሉ የሚፈራቸው፣ ድምፃቸው እንደ ነጎድጓድ የሆነ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ሙሜ ተቀምጧል። ሙሜ የቀበሌ ሰው ነው፤ ካኪ ይለብሳል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘን ሁላችንንም በስማችን እየጠራ ሰላም ይለናል። እሱን በማየቴ ደስ አለኝ።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ ጋሽ ብሩ።

«መምህር ነጋሽ ያዳላሉ። ለኔ ቀላል ቀላሉን ይሰጡኝና ከባዱን ቤታቸው ላለው ልጅ ይሰጣሉ።»

የጋሽ ብሩ ፊት ተለዋወጠ። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ውጪ! ለዚህ ነው የመጣሽው? ወደ ክፍልሽ! ሁለተኛ በዚህ በር ብትገቢ እግርሽን ነው የምሰብረው!»

እንባዬ መጣ። ሙሜ ግን እጁን ዘረጋልኝ። «ይተዋት ጋሽ ብሩ፤ ልጅ ናት፤ ትናገር። ኢንተላ፣ ልጄ፣ ነይ እዚህ» አለኝ፤ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። «የምን ልጅ ነው?»

የጋሽ ብሩ ጩኸት ምን እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ያን ቀን ሊያድኑን የሞከሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ግን እሳቸውን ጨካኝ፣ ሙሜን ደግ አደረግኩ።

«አላየሁትም» አልኩ። «ግን አለ። አውቄዋለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

በሕይወቴ እንደዚያ በጥሞና የሰማኝ ትልቅ ሰው አልነበረም። አንድ በአንድ አስረዳሁት። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ወረቀቱ ውስጥ ተሞልቶ መገኘቱን ነገርኩት። የሰባቷን መስመር ነገርኩት። የምሳው ሳህን ትልቅ መሆኑን፣ መምህሩ ሳይኖሩ መግባቱንና ባዶውን መውጣቱን ነገርኩት። «ስለዚህ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም» ብዬ ስጨርስ ሙሜ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለ ወደ ጋሽ ብሩ ዞሮ። ጋሽ ብሩ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር። ሙሜ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ነገሩን ሊያስተካክልልኝ የሄደ መሰለኝ። ከረሜላውን ክፍል ውስጥ ተደብቄ በላሁት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤት ስደርስ ደጃችን ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሰው ተሰብስቧል። በሰዎቹ መካከል ሾልኬ ገባሁ። የመምህር ነጋሽ በር ተከፍቷል፤ የመጻሕፍት መደርደሪያቸው ወለሉ ላይ ተገልብጧል፤ ከጀርባው ሳጠራ ተቀድዶ አንድ ሰው ብቻ የሚያስተኛ ጠባብ ቦታ ይታያል። ሁለት ታጣቂዎች ከዚያ አንድ ረጅም ሰው ይዘው ወጡ። ጺሙ አድጓል፤ ፀሐይ ያላየው ፊቱ አመድ መስሏል፤ ብርሃኑን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን ጨፍኗል። ያ ባለ መነጽር ቀይ ልጅ አይደለም። ታጁዲን ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት «ታጁ ከድሬዳዋ መቼ መጣ?» የሚል ነበር። ወንድሜን አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ሳቅ አለ። «ጣሂ፣ የትናንቷን ጨረስሻት?» አለኝ።

እርሳሱ ጆሮው ላይ ተሰክቶ ነበር።

ያኔ ገባኝ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ። እናቴ የመኪናውን ሳንቃ ይዛ በኦሮምኛ ትጮሃለች፤ ታጣቂው እጇን ያላቅቃታል። ሮማነወርቅ ከኋላ ወገቧን አቅፋ ይዛታለች። መምህር ነጋሽን ከትምህርት ቤት አምጥተው እዚያው መኪና ላይ ጫኗቸው፤ እኔ በቆምኩበት በኩል አላዩም። መኪናው ወደ አስፋልቱ ሲወርድ አቧራው እስኪበተን ድረስ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

መምህር ነጋሽ ሦስት ወር ታስረው ወደ ቦርደዴ ተዛወሩ። ውድድሩ ላይ እንድቀርብ ሌላ አስተማሪ መረጠኝ፤ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጋሽ ብሩ በሳምንቱ ቤታችን መጥተው ከእናቴ ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ። ስለ ውድድሩ የመጡ መስሎኝ ነበር። ሴቶቹ እናቴን ሊያጽናኑ ሲሰበሰቡ ሮማነወርቅ «ያሳበቀውን ሰው ምላሱን ያድርቅለት» ስትል፣ እናቴ «ተይ ሮማን፣ አትራገሚ» አለቻት። እናቴ ቂም የማታውቅ ሰው ናት ብዬ አሰብኩ። እኔ የሠራሁትን የሚያውቁት ጋሽ ብሩና ሙሜ ብቻ መሰሉኝ።

ነሐሴ ላይ ከከረን የታጁዲን ደብዳቤ መጣ። ቁጥሮቹን እንጂ ፊደሉን ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አይቼለት አላውቅም ነበር፤ ፊደሉም ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ደህና መሆኑን፣ ብርዱ እንደከበደው፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም እንደተማረ ጽፏል። መጨረሻ ላይ ለኔ ሁለት መስመር አለች፦ «ጣሂ፣ ከዚያ ከዘጠኝ በዘጠኙ የተረፈሽ ካለ ገልብጠሽ ላኪልኝ። እዚህ ቀኑ አይመሽም።»

ነበረኝ። ሙሉ ከላካቸው ስድስት ያልተሠሩ ገጾች ደብተሬ ውስጥ ነበሩ። መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። የፈጸምኩትን ሳልነግረው ጨዋታ መላክ ነውር መሰለኝ፤ መናገሩም አልሆነልኝም። «ታጁ፣ እኔ ነኝ» ብዬ እጀምርና እቀደዋለሁ። ምናልባት ያውቃል፤ ምናልባት ይህን የጠየቀኝ ሊፈትነኝ ነው እያልኩ ራሴን አስፈራራ ነበር። እናቴ «ለወንድምሽ ጻፍሽለት?» ስትለኝ «ላክሁ» አልኳት። አልላክሁም። መስከረም አለፈ፤ ገና አለፈ። የካቲት ላይ ምጽዋ ተያዘ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። በ1983 ጦሩ ሲበተን የተጎሳቆሉ ወታደሮች በአስፋልቱ በእግራቸው ያልፉ ነበር። እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ሽንኩርቷን መንገድ ዳር አወጣች፤ የያንዳንዱን ፊት ታያለች። ታጁዲን አልመጣም።

ከሂሳብ ጋር ተለያየሁ። ነርስ ሆኜ ሂርና ተመደብኩ፤ አግብቼ ወለድኩ። በ2003 ለክትባት ዘመቻ ቦርደዴ ሄድን። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች፤ ከኋላዋ ያለው ባሏ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። መምህር ነጋሽ ነበሩ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል።

ሥራ ስንጨርስ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሻይ ከመቅዳታቸው በፊት ተናገርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ያፈንኩትን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። አላቋረጡኝም።

«አውቃለሁ» አሉ ስጨርስ። «እስር ቤት ሳለሁ እትዬ ኩብራ ምግብ እያመጣች ነግራኛለች። ጋሽ ብሩ ነግረዋት ነበር። ‹ልጅ ናት፤ ማወቃችንን እንዳትሰማ› አለችኝ። ከአንቺ ይልቅ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የራሱን ወረቀት ልሰጠው ስችል ባንቺ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ፈቀድኩለት። ለምኖኝ ነው። ‹ከእህቴ ጋር ተቀምጬ የምሠራ ይመስለኛል፤ ድምጿን በበረንዳው እሰማለሁ፤ የከበዳት ቦታ ላይ ነጥብ ላድርግላት› አለኝ። እንዴት እምቢ ልበለው?» ሻዩን ቀዱልኝና «ሃያ አምስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ያን የመሰለ ጭንቅላት አላየሁም። አምስት ወር ብቻ ነው ያስተማርኩት» አሉ።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጭሮ ገባሁ። እናቴ ፀሐይ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አዮ፣ ታጁን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

እጇ ከምስሩ ላይ ቆመ። «አውቃለሁ» አለች።

«መምህር ነጋሽ ነግረውኛል። እኔ እንዳላዝን ብለሽ ዝም አልሽ አሉኝ።»

«መምህር ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ጥሩውን ነው የሚያይ» አለች። «ላንቺ ብዬ አልነበረም። አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ ስለፈራሁ ነው። አንድ ዓመት ጠልቼሻለሁ ጣሂራ። አበላሻለሁ፣ አለብስሻለሁ፤ ግን ፀጉርሽን እንኳ መንካት አልቻልኩም።»

ያን ዓመት ፀጉሬን የምትሠራኝ ሮማነወርቅ እንደነበረች ትዝ አለኝ። እናቴ ገበያው ጊዜ ነሳኝ ትል ነበር፤ እኔም አምኛት ነበር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አለፈ። አንድ ጠዋት ተኝተሽ፣ እግርሽ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አየሁ። ሸፈንኩሽ። ይኸው ነው።»

የቀረችኝን አንዲት ጥያቄ ጠየቅኳት። «ታጁስ? እኔ እንደሆንኩ አውቆ ነበር?»

«አላወቀም» አለች ወዲያው። «መኪናው ላይ ሆኖ ‹ማን ነገራቸው አዮ?› አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፤ ያኔ ገና አልሰማሁም። በኋላም ማንም አልነገረው።» ምስሯን ማንገዋለል ጀመረች። «ላንቺ ጽፎልሽ የለ? የሚያውቅ ቢሆን እንደዚያ ይጽፍልሻል?»

ሊፈትነኝ አልነበረም ማለት ነው። ከረን ሆኖ የጠበቀው ወረቀቱን ብቻ ነበር። ስድስቱንም ልልክለት እችል ነበር።